ሮብ ገበያ ላይ የጠፋብኝ ሩሲያኛ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የዛሬ አራት ዓመት ገደማ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። እስከ ዛሬ ያልረሳሁት በሁለት ምክንያት ነው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሁለቱም የሆኑት ሮብ ገበያ በምትባል ከተማ፣ አንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ጠዋት ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ደብረ ማርቆስ መጥታችሁ "የአዱኛ ቤት የት ነው?" ብትሉ የሚያሳያችሁ አታገኙም። "ሞስኮ" ካላችሁ ግን ሊስትሮው ሳይቀር እጃችሁን ይዞ ደጄ ድረስ ያመጣችኋል። በወጣትነቴ የትራክተር ጥገና እንድማር መንግሥት ሶቪየት ኅብረት ልኮኝ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር የተማርኩበት ከተማ ከሞስኮ በባቡር አንድ ቀን ተኩል ያስኬዳል፤ ሞስኮን የማውቃት በአየር ማረፊያዋ ብቻ ነው። ግን ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ነው። ባለቤቴ ደብሬ ለቀልድ አወጣችው፣ ጎረቤት ተቀበላት፣ እኔም አልጠላሁትም።

እንዲያውም ወደድኩት። አሮጌ የሩሲያ ፓምፕ የተበላሸበት ገበሬ ወደ እኔ ይመጣል። ሠርግ ቤት ሁለት መለኪያ አረቄ ከቀመስኩ ተነሥቼ በሩሲያኛ ምርቃት አወርዳለሁ፤ ሰውም ያጨበጭባል። ልክ ልሁን ስሕተት ማን ያውቃል? የሚያርመኝ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያለ አራሚ የኖረ ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል እናንተው ገምቱ።

ሮብ ገበያ ይግዛው የሚባል የቆየ ወዳጅ አለኝ፤ ገብስና ድንች የሚያመርት ብርቱ ገበሬ ነው። ልጁ ሰብለ ነርስነት ልትማር ሩሲያ ሄዳ፣ ተመርቃ እዚያው ሥራ ያዘች። አንድ ቀን ደውላ "አባዬ፣ ላገባ ነው" አለችው። ይግዛው "ልጄ በስልክ አትጠየቅም። የሚፈልጋት ካለ እንደ ሰው ሽማግሌ ይላክ" ብሎ ስልኩን ዘጋው። ሊያገባት የፈለገው ልጅም ወንድ ነው፣ እናቱን ይዞ መጣ። ስሙ ኤቻን ነው፤ እናቱ አይቪካ ትባላለች።

የሃይማኖቱ ነገር አስቀድሞ ተጣርቶ ነበር። የይግዛው ታላቅ ወንድም መሪጌታ ልሳነወርቅ "የተጠመቀ ነው፤ የቀረውን ልዩነት ለሊቃውንቱ እንተውላቸው" ብለው ዘጉት። ይግዛውን የያዘው ግን ሌላ ነገር ነበር።

የጎረቤቱ የልጅ ልጆች ዐምና ከውጭ አገር መጥተው አይቷቸዋል። አማርኛ የለ፣ ምን የለ፤ አያታቸውን እንደ ግድግዳ ፎቶ ትክ ብለው ሲያዩት ዋሉ፤ እሱም ሲያያቸው ዋለ። "አዱኛ፣" አለኝ፣ "የፈረንጅነቱ ጉዳይ አይደለም። የልጅ ልጄ የሚጠራበት ቃል አጥቶ ቆሞ እንዲያየኝ አልፈልግም። እንዲያ ከሚሆን ቢቀርብኝ ይሻላል።" ቀልድ አልነበረም። በዚህ ነገር ላይ እምቢ ሊል ቆርጦ ነበር።

እንግዲህ ሽምግልናው ላይ ማን ይተርጉም? ሰብለ ከሁሉ ቀድማ መጥታ አባቷ ቤት ነበረች፤ ሩሲያኛውን ታንበለብለዋለች። ግን ሴት ልጅ በራሷ ጉዳይ ሽማግሌ ፊት ቆማ አስተርጓሚ ስትሆን የት ታየ? ጓዳ ትግባ ተባለ። ኤቻንም አማርኛ ይሞካክራል። ግን ሽማግሌ በገባበት ቤት እጩው ልጅ አብሮ አይገባም፤ ጎረቤት ይቆይ ተባለ። እናቱ ሴት ብትሆንም "ያን ሁሉ አገር አቋርጣ መጥታ ደጅ አላቆማትም" ብሎ ይግዛው ፈቀደላት። ባህላችንን ልናከብር ሁለቱን አስተርጓሚዎች ከቤት አስወጣንና ሦስተኛው እኔ ቀረሁ።

ዋዜማውን ሰብለ ደወለችልኝ። "ጋሼ፣ እነ ኤቻን እኮ ማሪ ናቸው። ያውቃሉ አይደል?"

"ምን ነካሽ ልጄ!" አልኳት። "ሩሲያን ከዳር እስከ ዳር የማውቅ ሰው!"

ማሪ ማለት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የቤተሰብ ስም መሰለኝ። አለማወቄ እንዲታወቅ ግን አልፈለግኩም፤ ያኔ ማን ሞስኮ ይለኛል?

በማግሥቱ ማርቆስ ካደሩት ከኤቻንና ከእናቱ ጋር ሚኒባስ ተኮናትረን ከማርቆስ ልንነሣ ስንል የቤቱን ቁልፍ ፍለጋ ቤቱን ሳተራምሰው ደብሬ ከገዛ ኪሴ አውጥታ ሰጠችኝ። "አንተ ሰውዬ፣ እንደ አባትህ ልትሆን ነው መሰል" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። አባቴ በመጨረሻ ዘመኑ መጀመሪያ የዕቃ ቦታ፣ ቀጥሎ የሰው ስም፣ ኋላም እኔን ልጁን ረስቶ ነው የሞተው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር በረሳሁ ቁጥር ተራው የእኔ ይመስለኛል። መንገድ ከጀመርን በኋላ ደግሞ የማንበቢያ መነጽሬን ጠረጴዛ ላይ ትቼው መምጣቴ ትዝ አለኝ። በል እንግዲህ አዱኛ፣ ጀመረህ አልኩ በልቤ።

ኤቻን እንደ ባሕር ዛፍ የረዘመ፣ ፈገግታ የማይለየው ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰብለ አማርኛ ተምሮ ስለነበር ከእኔ ጋር በሌላ ቋንቋ አልናገርም አለ። "ደህና አደሩ ጋሼ? ብርድ ነው። ጎጃም ቆንጆ ነው" ይላል። አማርኛው ሲያልቅበት እንደገና ከ"ደህና አደሩ" ይጀምራል። እናቱ ነጭ ሻሽ ያሰረች፣ ጉንጮቿ የቀሉ፣ ቆፍጠን ያለች ሴት ናት። ጉልበቷ ላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፋለች።

"ዝድራስትቩይቴ!" አልኳት፣ ጤና ይስጥልኝ ማለት ነው። እሷም "ዝድራስትቩይቴ" አለችኝ። ይኸው፣ አልጠፋም! ደረቴን ነፋሁ። "ሳላም" የሚል ነገር አከለችበት፤ ልጇ አማርኛ አስተምሯት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ እናትና ልጅ ወሬያቸውን ጀመሩ። ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። ምንም። ዘንበል አልኩ። ምንም። አንድ ቃል፣ አንዲት የማውቃት ቃል እንኳ ብን ብላ አላለፈችም። አንዳንዴ ድምፁ የለመድኩት ይመስለኝና ቃሉን ልይዘው ስል ያመልጠኛል። ላብ በላብ ሆንኩ፤ በዚያ በሮብ ገበያ መንገድ ብርድ!

ደግሞ ሾፌሩ አለ፤ ወሬ ካልሰማ መሪ የማይዞርለት ዓይነት። "ምን ይላሉ ጋሽ ሞስኮ?"

"ባገራችን አየር ተደንቀው ነው" አልኩት።

ጥቂት እንደሄድን ሴትዮዋ የሾፌሩን ትከሻ መታ መታ አድርጋ ወደ ውጭ አመለከተች። የቤተ ክርስቲያን ደን ካጠገባችን ነበር። "ምን ፈልጋ ነው?" አለኝ ሾፌሩ። እኔ ምኑን አውቄ! "ወገቧን ልትፈትሽ ነው፤ ቁም" አልኩት። ሾፌሩ ጨዋ ነው፣ አቁሞ ፊቱን አዞረ። እሷ ግን ወርዳ ከደኑ ጫፍ ቆማ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ለዛፎቹ ጎንበስ ብላ እጅ ነሥታ ተመለሰች። ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። እኔ በመስኮት አየሁ።

"ታዲያ ለምን ልጁን በሩሲያኛ አልጠየቅከውም?" ትሉኝ ይሆናል። ፈራሁ ወገኖቼ! ጠይቄው በሩሲያኛ ቢመልስልኝና ያም ባይገባኝስ? ሳልጠይቅ እስከቆየሁ ድረስ ተስፋ አለኝ። ከጠየቅኩ ግን አለቀ፣ አባቴን ሆንኩ ማለት ነው። ሰላምታዋ ብቻ ተርፋ የቀረው ሁሉ እንደተደመሰሰ እርግጠኛ ሆኜ ነበር።

ሮብ ገበያ ስንደርስ ጎረቤቶች ኤቻንን ከመኪናው አውርደው እየጎተቱ ወሰዱት። ልጁ በውሻ ጩኸትና በሰላምታ ግርግር መሐል ወደ እኔ ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ፤ አልሰማሁትም። እጁን አርዝሞ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተተ። አድራሻው ይሆናል ብዬ ተውኩት።

ሁለት የሠፈር ሽማግሌዎች በር ላይ ተቀላቀሉንና ገባን። ይግዛው ጋቢውን ተከናንቦ መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ መሪጌታ ከጎኑ ናቸው። በእኛ ዘንድ ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ጉዳዩን ተናግሮ እሺ ካልተባለ አይቀመጥም። ስለዚህ እኔ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎችና አይቪካ ተደርድረን ቆምን።

"ጉዳያችሁ ምንድን ነው?" አለ ይግዛው፣ እንደማያውቅ ሆኖ።

ትልቁ ሽማግሌ የሚባለውን ብለው ሲያበቁ "የልጁ እናት በራሷ አፍ ትለምናለች" አሉና ወደ እኔ አዩ። እኔም "ፓዣሉስታ" አልኳት፣ እባክሽ ማለት ነው። ያቺኛዋም ተርፋ ነበር።

አይቪካ የታቀፈችውን ፈታች። ዳር ዳሩ በቀይ ክር የተጠለፈ ነጭ ጨርቅ ላይ አንድ ሙሉ ዳቦና አንዲት ብልቃጥ ማር አለ። በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ ንግግር ጀመረች። ረጋ ብላ፣ ግጥም በሚመስል ዜማ፣ ረዥም ተናገረች። ከዚያ አቁማ አየችኝ። ሁሉም አየኝ።

"ለዚህ ቤት ሰላምታ አቀረበች" አልኩ።

መሪጌታ በመነጽራቸው በላይ አዩኝ። "ያን ሁሉ ተናግራ?"

"ሩሲያኛ ረዥም ቋንቋ ነው መሪጌታ።"

አይቪካ ትንሽ ግር አላት። ቀጠለች። አሁን ድምፅዋ ተሰብሮ ዓይኗ እንባ ሞላ። ስታበቃ ደግሞ አየችኝ።

"ቤታችሁ ደስ ብሎኛል ነው የምትለው።"

"ስለ ቤት ነው የምታለቅሰው?" አሉ መሪጌታ።

"ጭሱ ይሆናል" አልኩ። ምን ልበል?

ሦስተኛው ላይ ሴትዮዋ ራሷን ዝቅ አድርጋ አንዲት ቃል ብቻ ተናገረች። "ታው" አለች። በቃ፣ ይቺው ናት። እኔ ደግሞ ያጎደልኩትን ላሟላ ብዬ አፌን ከፈትኩ። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የተባለው ለእኔ ነው።

"ይህች እናት እንዲህ ትላለች" ብዬ ጀመርኩ። "የእናንተን ዘር፣ የእናንተን ደግነት ሰምቻለሁ። ልጅ ነጥቄ ልሄድ አልመጣሁም፣ ልጅ ልጨምርላችሁ እንጂ። ልጄ እዚሁ ይኑር፣ እዚሁ ይረስ፣ እዚሁ ይውለድ፣ የሚወልደውም በአማርኛ አፉን ይፍታ፤ ሰጥቻችኋለሁ!"

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። የይግዛው ፊት እንደ መስከረም ፀሐይ በራ። ወዳጄ ስለሆነ የሚያስደስተውን አውቃለሁ፤ አፌ ሄዶ እሱኑ አመጣለታ።

"ይህን አለች?" አለ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ። "እግዚአብሔር ይስጥሽ! ከወንዙ ማዶ ያለችው የገብስ መሬት የእሱ ናት! በሬውም ከእኔ! ድንቹን እንኳ ቀስ ብሎ ይለምዳል!"

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ሰብለ ወጣች። ሽማግሌ የለ፣ ይሉኝታ የለ። "ማነው እዚህ ድንች የሚያመርተው?" አለች። "ጋሼ፣ እውነት እሷ እንዲህ ብላለች?"

ይግዛው ተነሥቶ ቆመ። "ግቢ አንቺ! ቃል ተሰጥቷል! ያወቀ ሰው ተርጉሟል!"

ያወቀ ሰው። መሪጌታ መነጽራቸውን አውልቀው ያዩኝ ጀመር። ወዳጄ በደስታ ያበራ ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል። ከዚያ በላይ መቆም አቃተኝ።

"አላለችም" አልኩ። "ምን እንዳለች አላውቅም። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቃል አልገባኝም። ሩሲያኛዬ ጠፍቷል ይግዛው። ከጭንቅላቴ ውስጥ ወጥቶ ሄዷል። አባቴን የጀመረው እንዲሁ ነበር።" በስድሳ ዓመቴ ሰው ፊት አለቀስኩ፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

ሰብለ አፏን በእጇ ያዘች። የምታለቅስልኝ መሰለኝ። ለካስ ሳቋን ነው የያዘችው።

"ጋሼ! ይሄ ሩሲያኛ መቼ ሆነና!"

"ምን?"

"ማሪኛ ነው! ማሪ ናቸው ብዬ በስልክ ነግሬዎት የለ? ሕዝቡም ቋንቋውም ሌላ ነው። እኔ ራሴ ከዐሥር ቃል በላይ አላውቅም። 'ታው' ማለት አመሰግናለሁ ማለት ነው።"

ከ"አመሰግናለሁ" ውስጥ አንድ ጥማድ በሬና አንድ የገብስ መሬት አውጥቼ ነበር።

ሳላስበው ካጠገቤ ያለችው ዱካ ላይ ዘጭ አልኩ። ከኋላዬ ሁለቱ ሽማግሌዎች "ኧረ ተው፣ አዱኛ!" አሉ። መሪጌታም "እሺ ሳይባል ተቀመጠ!" ብለው ጮኹ። እኔ ምን ገዶኝ! አልጠፋብኝም! አልረሳሁም! ሣቅና እንባዬ ተቀላቀለብኝ።

ይግዛው ግን አልሣቀም። የቅድሙ ብርሃን ከፊቱ ጠፍቷል። "እንግዲያስ ባሰ" አለ። "እኔ ሩሲያኛ ነው ስል ሌላም አለ ማለት ነው? ልጄ ራሷ የማታውቀው ቋንቋ ቤት ልትገባ? የልጅ ልጆቼ በሁለት ቋንቋ ተከበው የእኔ ለመቼ ሊደርሳቸው ነው? ምን ብለው ሊጠሩኝ ነው?" ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ። "ሽማግሌዎች፣ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። በሰላም ግቡ።"

እምቢ ማለቱ ነው። ሰብለ ባለችበት ደርቃ ቀረች። እኔም ቀና ማለት አቃተኝ፤ ያን ተስፋ ሰጥቼ የነሣሁት እኔ ነኛ።

አይቪካ ይህን ሁሉ ስታይ ቆይታ ዳቦውን ለሰብለ አስያዘቻትና ወደ እኔ መጣች። የኮቴን ኪስ በጣቷ ነካ ነካ እያደረገች "ቡማጋ!" አለችኝ። "ካርማን! ቡማጋ!"

ወረቀት! ኪስ! ገባኝ! ሁለቱም ቃል እንደ መብራት ቦግ አለልኝ። እጄን ሰድጄ ያቺን ልጁ የከተታትን ወረቀት አወጣሁ። መነጽር የለኝም። "መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝና መነጽርዎን ያውሱኝ" አልኩ። እያጉረመረሙ ሰጡኝ።

ወረቀቱ በሩሲያኛ የተጻፈ ነው። የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። ሁለተኛውን አነበብኩ። ሁሉም ገባኝ፤ የኔ ሩሲያኛ፣ የወጣትነቴ ሩሲያኛ እንዳለ ቁጭ ብሏል! ለካስ ሴትዮዋ ንግግሯን ቀድማ አስጽፋ ልካልኝ እያቆመች የምታየኝ ተራዬ ደርሶ እንዳነብ ነበር። ወረቀቱን ሳላወጣ ስቀር በቃሉ አጥንቶታል ብላ ነበር፤ ትርጉሜ ሲያጥርባት ነው ግራ የገባት። ቁጭ ባልኩበት፣ እየተንተባተብኩም ቢሆን፣ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አሰማኋቸው።

"እኔ አይቪካ ነኝ። ማሪ ነኝ። ሕዝባችን በቮልጋ ወንዝ በኩል ይኖራል። ቋንቋችን የሩሲያኛ ዘመድ አይደለም። የተማሩ ሰዎች ዘመዶቹ ያሉት ፊንላንድና ሃንጋሪ ነው ይላሉ፤ ብንገናኝ ግን አንግባባም። ሙሽራ የምትለመነው በእናት ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ በማሪ እናገራለሁ፤ እኚህ ደግ ሰው በወረቀቱ ያሰሙልኛል።

"በመንደሬ ልጆችን በማሪ ሳናግራቸው በሩሲያኛ ይመልሱልኛል። የእኅቴ የልጅ ልጆች አያታቸው የምትለውን አይሰሙም፤ ቁጭ ብለው ያዩዋታል። ኤቻን ሰብለን ሲያመጣት ደነገጥኩ፤ ይኸው በእኔም ቤት ቋንቋዬ አለቀለት አልኩ።

"አንድ ቀን ሰብለ በስልክ ከእርስዎ ከአባቷ ጋር ስታወራ ሰማኋት። ምን እንደምትል አላወቅኩም። ግን ትስቅ ነበር። ከእኛ ጋር በሩሲያኛ እንዲያ ስቃ አታውቅም። ያን ዕለት ልጅቷ እንደ እኔ መሆኗ ገባኝ። ልጆች ከተወለዱ እሷ በቋንቋዋ ታናግራቸው፣ እኔ በቋንቋዬ። ሩሲያኛውን ከመንገድ ይለቅሙታል፤ እሱ አስተማሪ አያጣም። አያቱን የማይጠራ ልጅ በቤቴ አያድግም። ይህን የምለው ለእኔ ብቻ አይደለም፣ ለእርስዎም ነው። አመሰግናለሁ።"

አንብቤ ጨረስኩ። ሰብለ አሁን የምር ታለቅስ ነበር። ማንም ሳይነግራት ይግዛው በሆዱ የቋጠረውን ነገር ይህች ሴት ከቮልጋ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችው። እኔ ሞኙ ደግሞ በሬ አሰጠዋለሁ!

ይግዛው ወደ እኔ ዞረ። "አዱኛ፣ አሁን ትሰማታለህ?"

"እሰማታለሁ።"

"እንግዲያው ጠይቅልኝ። በነሱ ቋንቋ አያትን ምን ብለው ይጠራሉ?"

በሩሲያኛ ጠየቅኳት። በሩሲያኛ መለሰችልኝ፤ እያንዳንዱ ቃል ገባኝ። ወንዱ አያት "ኮቻ" ይባላል።

"ኮቻ" አለ ይግዛው፣ እንደ አዲስ ቅመም አፉ ውስጥ እያገላበጠ። "ኮቻ።" ከዚያ ለአይቪካ በእጁ መደቡን አሳያትና "ተቀመጡ" አለን።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ከእኔ በቀር ሁሉም ተቀመጠ፤ እኔማ ቀድሜ ተቀምጬ ነበር። ኤቻን ከጎረቤት ሲጠራ ቆሎ በእጁ እንደያዘ ሮጦ መጥቶ ጉበኑን በግንባሩ መታው። "ደህና አደሩ!" አለ ግንባሩን ይዞ፤ ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ማሩ ተቀመሰ። ይግዛው "የኛው ይበልጣል" አለ፤ ሳልተረጉመው አለፍኩ። ስለ ደኑ ስጠይቃት፣ በአገሯ ሰው የሚጸልይበት፣ ቅርንጫፍ የማይሰበርበት ደን እንዳለና የኛን ስታይ አገሯ ትዝ ብሏት እጅ እንደነሣች ነገረችኝ። ይህን ሾፌሩ ፊት በተረጎምኩ ጊዜ የሆነውን ባልነግራችሁ ይሻላል። እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "ጋሼ፣ ወገብዎን ሊፈትሹ ነው?" ይለኛል።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ያሳፍረኛል፣ አንድ ነገር ደግሞ ያስቀኛል። አምስት ዓመት አብሮኝ ያደረ ሊዮሻ የሚባል የክፍል ጓደኛ ነበረኝ። ከእናቱ ጋር በስልክ ሲያወራ አንዳንዴ ንግግሩ አይገባኝም ነበር፤ ገጠሬ ስለሆነ ነው እያልኩ አለፍኩት። ማሪኛ ይሁን ሌላ፣ የምን ቋንቋ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩትም። እነሱም እኔን "እስቲ በአፍሪካኛ ተናገር" ሲሉኝ እናደድ ነበር! የሚያስቀኝ ደግሞ ወረቀቱ ነው። አልመለስኩላትም፤ ኮሜዲኖዬ ውስጥ አለ። አንድ ነገር በረሳሁ ቁጥር አውጥቼ አነበዋለሁ። እስካሁን ሁሉም ይገባኛል። ደብሬ "ዛሬስ ደህና ነህ?" ትለኛለች። ደህና ነኝ እላታለሁ።

ባለፈው ሰሞን ሮብ ገበያ ሄጄ ከይግዛው ጋር ተቀምጠን ሰብለ በቪዲዮ ደወለች። ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አይቪካ አቅፋታለች። ሰብለ አያቷን በአማርኛ እንድትጠራ አስተምራት ኖሮ ሕፃኗ አይቪካን "እማማ" ትላታለች፤ ያቺ የማሪ ሴት በአማርኛ ተጠርታ ስትኮራ ብታዩ! ከዚያ ሕፃኗ ስልኩ ውስጥ ይግዛውን ትክ ብላ አየችው። እሱም ትንፋሹን ውጦ አያት። እኔ ያ የፈራው ነገር መጣ ብዬ ደነገጥኩ።

"ኮቻ!" አለችው።

አማርኛ ይሁን ማሪኛ ግድ አልሰጠውም። ይግዛው ከመደቡ ብድግ ብሎ፣ ቮልጋ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ "አቤት!" አላት።